ድምሩ ገጥሞ መልሱ ለምን ተሰረዘ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምማር የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ኮስት (የወጪ ሒሳብ) ላይ ያላለቀ ሥራ ዋጋ ማውጣት አልገባኝ አለ። ሚድ (የአጋማሽ ፈተና) ላይ የመጣው ጥያቄ ይኸውልዎ። አንድ የአንሶላ ስፌት ክፍል አለ። ወሩ ሲጀምር 2,000 ያላለቀ አንሶላ ነበረው፤ ሥራው 40 በመቶ ደርሷል። በወሩ ውስጥ 8,000 አዲስ ተጀመረ። 7,000 አልቆ ወጣ፣ 3,000 ደግሞ 60 በመቶ ላይ እያለ ወሩ አለቀ። ጨርቁ ሁሉ የሚገባው ገና ሥራው ሲጀመር ነው። ካለፈው ወር የዞረው ወጪ ለጨርቅ 200,000፣ ለኮንቨርዥን (ጨርቁን አንሶላ ለማድረግ ለሚወጣው ጉልበትና ሌላ ወጪ) 32,000 ብር ነው። የዚህ ወር ደግሞ ለጨርቅ 840,000፣ ለኮንቨርዥን 408,000 ብር። በዌይትድ አቨሬጅ (የሁለቱን ወር ወጪ ቀላቅሎ አማካይ በሚያወጣው ዘዴ) ሥሩ ይላል።

እኔ 3,000ውን በ60 በመቶ አባዝቼ 1,800 አልኩ። ከ7,000 ጋር 8,800 ሆነ። ጠቅላላ ወጪውን፣ 1,480,000 ብሩን፣ ለ8,800 አካፈልኩት። ያለቀውንና ያላለቀውን ስደምር ልክ 1,480,000 መጣልኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ወረቀቱ ሲመለስ ግን ተሰርዟል። ድምሩ እየገጠመ ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ደግሞስ 3,000 አንሶላ እንዴት 1,800 ይሆናል? ጓደኞቼ «ዝም ብለሽ ፎርሙላውን ሸምድጂ» ይሉኛል። ጣና ዳር ሄደን ስናጠና እነሱ ሦስት አራት ጥያቄ ሠርተው ይነሳሉ፤ እኔ አንዱ ላይ እንደተጎለትኩ ይመሻል። የመውጫ ፈተናውን ሳስብ ያስፈራኛል። ትምህርቱ ለእኔ አይሆን ይሆን?
ግራ የገባኝ፣ ከፔዳ ግቢ

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ትምህርቱ ይሆንሻል። «3,000 አንሶላ እንዴት 1,800 ይሆናል?» ብሎ የሚቆም ተማሪ ፎርሙላውን ሸምድዶ ከሚያልፈው ይልቅ ለሙያው የቀረበ ነው። የተጎለትሽበት ቦታ መጎለት የሚገባው ቦታ ነው። ስለዚህ አይዞሽ፤ አብረን እንየው።

1,800 የአንሶላ ቁጥር አይደለም። የስፌት ክፍሉ ገብተሽ ብትቆጥሪ የምታገኚው 3,000 ነው፣ አንድም አይጎድልም። 1,800 የሚነግርሽ የሥራውን መጠን ነው። በእነዚህ 3,000 አንሶላዎች ላይ እስካሁን የፈሰሰው ጉልበት 1,800 አንሶላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመሥራት ይበቃ ነበር ማለት ነው። ኢኩቫለንት ዩኒት የምንለው ይህንን ነው። የሚያስፈልገንም ወጪውን ለማከፋፈል ነው። በወሩ መጨረሻ አንድ የወጪ ድምር አለ፤ ያለቀውም ያላለቀውም ድርሻውን ይፈልጋል። ያለቀ አንሶላና ግማሽ መንገድ ላይ ያለ አንሶላ እኩል ድርሻ ቢሰጣቸው ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ መለኪያ መለካት አለብን።

እስከዚህ ያለው ገብቶሻል፤ 1,800 ማለትሽ ለዚህ ምስክር ነው። የተሳሳትሽው 60 በመቶውን የአንሶላው ጠባይ አድርገሽ ስለወሰድሽው ነው። በመቶኛው የአንሶላው አይደለም፣ የወጪው ነው። አንድ ያላለቀ ዕቃ ብዙ በመቶኛ ሊኖረው ይችላል፤ ለእያንዳንዱ የወጪ ዓይነት አንድ።

ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ ሸማኔ ዘንድ ሄደሽ ብታይው ደስ ይለኛል። ባሕር ዳር ላይ ሸማ የሚሠራ ሰው ፈልገሽ አታጪም። ጋቢ እየሠራ ካገኘሽው አጠገቡ ቁጭ በይና ተመልከቺ። ገና አንድ ክንድ እንኳ ሳይሸምን ድሩ በሙሉ ተደርቶ መሣሪያው ላይ ተወጥሯል። ማጉ ግን እንደዚያ አይደለም። ማጉ የሚገባው መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ በተወረወረ ቁጥር፣ ከሥራው ጋር እኩል እየሄደ ነው። ጫፉ የሚቋጨው ደግሞ ሽመናው አልቆ ከወረደ በኋላ ነው። እንግዲህ ሰውየው ጋቢው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ሥራውን አቁሞ ምሳ ሄደ እንበል። ጋቢው ስንት በመቶ አልቋል? ድሩን ከጠየቅሽኝ 100 በመቶ ገብቷል፤ ከእንግዲህ ለዚህ ጋቢ የድር ክር የሚገዛ የለም። ማጉን ከጠየቅሽኝ 50 በመቶ። የሸማኔውም ድካም 50 በመቶ። ቁጨታውን ከጠየቅሽኝ ዜሮ፤ የምትቋጨው ሴት ገና አላየችውም። አንድ ጋቢ ነው፣ ሦስት መልስ አለው። «ግማሽ ደርሷል» የሚለው አነጋገር ለመንገደኛ ይበቃል፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ግን አይበቃም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንመለስ። ጨርቁ እንደ ድሩ ነው፣ ሲጀመር ሙሉ በሙሉ ይገባል። ስለዚህ ያላለቁት 3,000 አንሶላዎች የጨርቅ ድርሻቸውን ጨርሰው ወስደዋል። በጨርቅ በኩል ያለው ኢኩቫለንት ዩኒት 7,000 ሲደመር 3,000፣ 10,000 ነው። በኮንቨርዥን በኩል፣ ማለትም በጉልበትና በኦቨርሄድ (እንደ መብራትና ኪራይ ባለው የጋራ ወጪ)፣ 7,000 ሲደመር 1,800፣ 8,800 ነው። የጨርቅ ወጪ 200,000 እና 840,000 ተደምሮ 1,040,000 ብር ነው፤ ለ10,000 ሲካፈል 104 ብር። ኮንቨርዥን 32,000 እና 408,000 ተደምሮ 440,000 ብር፤ ለ8,800 ሲካፈል 50 ብር። ያለቀ አንድ አንሶላ 154 ብር ፈጀ ማለት ነው። ያለቁት 7,000 በ154 ሲባዙ 1,078,000 ብር። ያላለቁት ደግሞ የጨርቅ 3,000 በ104፣ 312,000 ብር፤ የኮንቨርዥን 1,800 በ50፣ 90,000 ብር፤ በድምሩ 402,000 ብር። ሁለቱን ደምሪያቸው፤ 1,480,000 ይመጣል።

ያንቺም ድምር 1,480,000 ነበር። ግራ ያጋባሽም እሱ ነው፤ እውነትም ያጋባል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድን ገንዘብ በፈለግሽው ቁጥር አካፍለሽ በዚያው ቁጥር መልሰሽ ብታባዢ ሁልጊዜ ወደነበረበት ይመለሳል። በ8,800 ብታካፍዪም፣ በ9,500 ብታካፍዪም ይገጥማል። ድምሩ መግጠሙ የሚያረጋግጠው የማካፈልና የማባዛት ስህተት እንደሌለ ብቻ ነው። ወጪው ለትክክለኛው ባለቤት መድረሱን አይነግርሽም። አንቺ ላላለቀው የሰጠሽው 302,727 ብር ገደማ ነው፤ የሚገባው 402,000 ነበር። 99,273 ብር ያለ ቦታው ሄዶ ያለቁት ላይ ተጭኗል። እነዚያ 7,000 አንሶላዎች በሙሉ ቢሸጡ የወሩ ትርፍ በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ይታያል። የአንዱ አንሶላ ወጪም ከ154 ወደ 168 ብር ከፍ ይላል። ዋጋ የሚተምነው ሰው በዚህ ቁጥር ተነስቶ ዋጋ ቢጨምር ገበያው ጥሎት ሊሄድ ይችላል። አንድ የተሰረዘ መልስ ብቻ አይደለም ማለቴ ነው።

ታዲያ ፈተና ላይ ስህተቱን በምን ትይዢዋለሽ? ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር ግን በጣም የሚጠቅም ማጣሪያ አለ። አማካይ ሁልጊዜ በአሮጌውና በአዲሱ ዋጋ መካከል ነው የሚወድቀው። ያለፈው ወር ጨርቅ 200,000 ብር ለ2,000 አንሶላ ስለነበር በአንሶላ 100 ብር ነው። የዚህ ወር 840,000 ለ8,000፣ 105 ብር ነው። አማካዩ ከ100 በታች ወይም ከ105 በላይ ሊሆን በፍጹም አይችልም። ባንቺ አካሄድ ጨርቁ ብቻውን 1,040,000 ለ8,800፣ ማለትም 118 ብር ገደማ ይመጣል። 100 እና 105 ተቀላቅለው 118 ሊወልዱ አይችሉም! ይህን ቁጥር ባየሽ ጊዜ «አንድ ነገር ተበላሽቷል» ማለት ነበረብሽ። ግን አላየሽውም፤ ምክንያቱም ጨርቁንና ኮንቨርዥኑን አንድ ላይ ጨፍልቀሽ ነው ያካፈልሽው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ወጪዎቹን ለየብቻ አስቀምጪ፣ ለእያንዳንዱም አማካዩ በሁለቱ መካከል መውደቁን እዪ። ኮንቨርዥኑንም ሞክሪው። ያለፈው ወር 2,000 በ40 በመቶ 800 ስለሆነ 32,000 ለ800፣ 40 ብር። የዚህ ወር 51 ብር ነው፤ እንዴት እንደመጣ አሁን አሳይሻለሁ። 50 በመካከላቸው ነው፣ ጥሩ።

51 የመጣው ከፊፎ («ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል» ከሚለው) አሠራር ነው። አልጠየቅሽኝም፣ ግን መምጣቱ አይቀርም። ዌይትድ አቨሬጅ ያለፈውን ወርና የዚህን ወር ወጪ ቀላቅሎ ያያል። ፊፎ ደግሞ «በዚህ ወር የተሠራው ምን ያህል ነው?» ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ ባለፈው ወር የተሠራውን ይቀንሳል። ኮንቨርዥን 8,800 ሲቀነስ 800፣ 8,000 ይሆናል፤ 408,000 ለ8,000፣ 51 ብር። ጨርቅ 10,000 ሲቀነስ 2,000፣ 8,000፤ 840,000 ለ8,000፣ 105 ብር። ያላለቀው በፊፎ የጨርቅ 315,000 እና የኮንቨርዥን 91,800፣ በድምሩ 406,800 ብር ነው። ያለቀው 1,073,200 ብር። እዚህ ላይ ተማሪ የሚወድቅበት ቦታ አለ። ከባለፈው ወር የዞሩት 2,000 አንሶላዎች 40 በመቶ ከደረሱ በዚህ ወር የቀራቸው 60 በመቶ ነው። እነሱን ለመጨረስ የወጣው 1,200 በ51፣ 61,200 ብር ነው፤ ይዘውት በመጡት 232,000 ላይ ይደመራል። ብዙዎች በ40 በመቶው ያባዙታል። ለፊፎ ሁልጊዜ «ምን ቀረው?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ በዚህ ወር ተጀምረው በዚህ ወር ያለቁት 5,000 በ156 ብር (105 ሲደመር 51)፣ 780,000። ድምሩን ራስሽ አጣሪው።

የትኛው ይሻላል ብለሽ ከጠየቅሽኝ፣ ለሥራ ክፍል ኃላፊ ፊፎ የተሻለ ይናገራል ባይ ነኝ። የዚህን ወር ሥራ ካለፈው ወር ሥራ ሳይቀላቅል ስለሚያሳይ ወጪው መጨመሩ በግልጽ ይታያል። ባንቺ ጥያቄ ኮንቨርዥን ከ40 ወደ 51 ብር መዝለሉን አቨሬጁ 50 ብሎ ለዘብ አድርጎታል። ለሪፖርት ግን ሁለቱም ይፈቀዳሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 አገራችንን ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ አስገብቷታል። ኢንቬንተሪን (በእጅ ያለ የዕቃ ክምችትን) የሚመለከተው የዚያ ደረጃ ክፍል፣ አይኤኤስ 2፣ ፊፎንና ዌይትድ አቨሬጅን ይቀበላል፣ ሊፎን («በኋላ የገባ ቀድሞ ይወጣል» የሚለውን) ይከለክላል። ያላለቀ ሥራም በዚያው ደረጃ ኢንቬንተሪ ነው። ስለዚህ ከወጪው በላይ ሊመዘገብ አይችልም። ወጪው 402,000 ሆኖ፣ ለመጨረስና ለመሸጥ የሚወጣው ሲቀነስ ከሽያጩ የሚገኘው ከዚያ ካነሰ፣ የሚመዘገበው ያነሰው ነው።

«ጨርቁ የሚገባው መጀመሪያ ላይ ነው» የምትለዋ አጭር ዓረፍተ ነገር የጥያቄው ቁልፍ ናት። ፈታኞች በዚህች ነው የሚጫወቱት። ማሸጊያው መጨረሻ ላይ ይገባል ካለሽ፣ 60 በመቶ የደረሰው የማሸጊያ ድርሻው ዜሮ ነው። ክሩ ሥራው 50 በመቶ ሲደርስ ይጨመራል ካለሽ፣ 60 በመቶ የደረሰው ያንን ነጥብ ስላለፈ 100 በመቶ ወስዷል፤ 40 በመቶ ላይ ያለው ግን ገና ምንም አልወሰደም። 60 ወይም 40 የሚባል መልስ እዚህ የለም፤ ወይ ሁሉም ነው ወይ ምንም። በመቶኛው በቀጥታ የሚባዛው ወጪው እንደ ማጉ ቀስ በቀስ ከሥራው ጋር ሲገባ ብቻ ነው። ከሌላ ክፍል ተላልፎ የመጣ ወጪ ካለ ደግሞ እንደ ድሩ ቁጠሪው፤ ሁልጊዜ 100 በመቶ ነው። የከተማችሁ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጥጡን ፈትሎ፣ ሸምኖ፣ አጠናቆ ያወጣል። የሽመናው ክፍል ክሩን የሚቀበለው የመፍተሉን ወጪ ተሸክሞ ነው። ክሩ ሽመና ክፍል በደረሰባት ደቂቃ ያ ወጪ ሙሉ በሙሉ አብሮት ገብቷል።

አንድ ነገር ደግሞ ልቤ ውስጥ ያለ ነው፤ ሥራ ስትይዢ እንድታስታውሺው እፈልጋለሁ። ፈተና ላይ 60 በመቶ ተጽፎ ይሰጥሻል። ሥራ ቦታ ማንም ጽፎ አይሰጥሽም። የክፍሉ ኃላፊ ዞር ዞር ብሎ አይቶ የሚገምተው ነው። ያ ግምት ደግሞ ትርፍን ያንቀሳቅሳል። ባንቺው ጥያቄ 60ው 80 ቢባል ምን እንደሚሆን እዪ። ኮንቨርዥኑ ለ9,400 ይካፈላል፣ የአንዱ ወደ 46.81 ብር ይወርዳል። ላላለቀው የሚደርሰው ኮንቨርዥን ከ90,000 ወደ 112,340 ብር ያድጋል። ያለቁት ተሸጠው ከሆነ የወሩ ትርፍ በ22,340 ብር ጨምሮ ይታያል። አንድ አንሶላ አልተሰፋም፣ አንድ ብር አልገባም። ወረቀት ላይ ያለችው ቁጥር ብቻ ናት የተለወጠችው። ወር መጨረሻ ላይ «ትንሽ ከፍ አድርጊያት» የሚል ሰው ይመጣብሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ ሥራው ቦታ ወርደሽ፣ ልብሱን በእጅሽ ገልብጠሽ፣ የትኛው ስፌት እንዳለቀና የትኛው እንደቀረ ራስሽ አይተሽ እምቢ ለማለት የምትችይው ይህ ትምህርት በደንብ ከገባሽ ነው። የሸመደደ ሰው እዚያ ቦታ ላይ መቆም አይችልም፤ ለምን 80 እንደማይሆን ማስረዳት ስለማይችል።

ጣና ዳር ስለምታጠኚው ነገር፦ ጓደኞችሽ ሦስት አራት ጥያቄ ሠርተው ቢነሱ አትደንግጪ። ግን ብቻሽንም አትጎለቺ። አንድ ጥያቄ ይዘሽ ቁጥሮቹን እየቀያየርሽ ሥሪው። ዛሬ ጨርቁ መጀመሪያ ላይ ገባ፣ ነገ 70 በመቶ ላይ ቢገባስ? ያላለቀው 3,000 ሳይሆን ዜሮ ቢሆንስ? ከባለፈው ወር የዞረ ባይኖርስ? (የዞረ ከሌለ ዌይትድ አቨሬጅና ፊፎ አንድ መልስ ይሰጣሉ፤ ለምን እንደሆነ ለጓደኞችሽ አስረጂያቸው።) ለሌላ ሰው ስታስረጂ የማይገባሽ ቦታ ወዲያው ይታወቅሻል። ካልኩሌተር ከመንካትሽ በፊት ደግሞ ሁለት ነገር ወረቀት ላይ ጻፊ። አንደኛ የዕቃው ቁጥር፦ 2,000 እና 8,000 ገባ፣ 7,000 እና 3,000 ወጣና ቀረ፣ ሁለቱም ወገን 10,000። ሁለተኛ በእያንዳንዱ ወጪ ትይዩ «መቼ ነው የሚገባው?» የሚል አንድ ቃል፦ መጀመሪያ፣ እኩል፣ መጨረሻ። ይህን ሳትጽፊ ወደ ሒሳቡ አትግቢ።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም ተመራቂ የመጣ ነው፤ አንቺ ላይ ብቻ የወደቀ ዕዳ አይደለም። ገና ጊዜ አለሽ። ይህ ርዕስ ምርጫ ባለው ጥያቄ ሲመጣ ከተዘረዘሩት መልሶች አንዱ ያንቺ ዓይነት ስህተት የሚሰጠው ቁጥር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ስለዚህ «መልሴ ምርጫው ውስጥ አለ» ብለሽ አትረጋጊ፤ የአማካዩን ማጣሪያ አሳልፊው።

በዚህ ሳምንት የተሰረዘውን ወረቀት ይዘሽ ጥያቄውን ከባዶ ሥሪው፣ አንዴ በዌይትድ አቨሬጅ፣ አንዴ በፊፎ። ከዚያ መምህርሽ ቢሮ ሂጂ። ነጥብ ለማስጨመር ሳይሆን፣ «ድምሩ ገጥሞልኝ ነበር፣ ለምን እንደተሳሳትኩ አሁን ገብቶኛል» ብለሽ አስረጂያቸው፣ ያልጠራሽ ካለም እዚያው ጠይቂያቸው። ከቁጥሮቹ አንዱ እኔ ካወጣሁት ጋር አልገጥም ካለሽ ደግሞ አሠራርሽን ጨምረሽ ጻፊልኝ፤ የቱ ጋ እንደተለያየን አብረን እንፈልገዋለን።